ክፍል አርባ ሁለት

ሉልዋ ስትተኛ እርሳሷን ተዋስኩት፤
መቅረጫው ይጮሃል፣ በቢላ አሾልኩት።
የአባቷ ሸሚዝ ታጥፎ የመጣበት
ነጭ ካርቶን አለ፤ እሱ ነው ወረቀት።
ከካውያው ጣውላ ሥር እግሬን አጥፌ ቁጭ አልኩ፣
የስልኬን መብራት በሻሼ ከለልኩ።

መጀመሪያ ዓይኑን። አንዱን ብቻ፤ ግራው ተሸፍኗል።
ጸጉሩ እሾህ እሾህ፣ ነፋስ በሌለበት ብቻውን ይውለበለባል።
አፍንጫው አንድ ነጥብ፣ አፉ አንዲት ጭረት፤
ጃፓኖች ሲስሉ አያበዙም ለፊት፣
ሁሉን ለዓይን ሰጥተው።
ስሙን አልጠራውም። የሚያውቀው ያውቀዋል።

ዓረብኛ እኮ የተማርኩት ከእሱ ነው፣
ከሉልዋ ጋራ ምንጣፉ ላይ ተኝተን ስናየው።
የሚናገረው ግን የጎራዴ ቋንቋ፣ የመሐላ፣ የመጽሐፍ፤
እኔ ምን አውቄ! እሱኑ ይዤ ሽንኩርት ልገዛ ብሰለፍ፣
«አንተ የተከበርክ ሰው ሆይ፣ ሁለት ኪሎ ስጠኝ» አልኩት ለሞይዱ።
ሚዛኑን ለቆ ሳቀ፤ እስከ ማዶ ተሰማ ጉዱ።
እስከ ዛሬ ሲያየኝ ኪያር ይመዝዛል፣
ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣኛል።

በክፍል አርባ ሁለት ግራ ክንዱ ተወጋ።
ሉልዋ ትራስ ነክሳ አነባች እስኪነጋ።
በክፍል አርባ ሦስት ከጣራ ጣራ ዘለለ፤
ጠባሳ እንኳ የለ፣ ምልክት እንኳ የለ።
እጅጌውም ተሰፍቷል። ማን ሰፋው?
(ልብስ የሚያጥብ ሰው ነው ይህን የሚጠይቀው።)
የኔ ክንድ በካውያ ከተላጠ ሦስተኛው ሳምንት፤
የጥርስ ሳሙና ቀባሁት። ማዳም ፓናዶል ሰጠችኝ፣ ቆጥራ፤ አንድ፣ ሁለት።
ሙሐረቅ ማለት «የተቃጠለ» ነው አሉኝ፤
ማን እንዳወጣለት እንጃ። ከተማው ዘመዴ መሰለኝ።

አውሮፕላን ሲወርድ ጣራው ይንቀጠቀጣል፤
እጄም አብሮ ይስታል፣ መስመሬ ይጣመማል።
አላጠፋሁትም።
ቁስል መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል?

ቀይ የለም። ሉልዋ ልብ እየሳለች ጨርሳዋለች።
ከማዳም ብርጭቆ ሥር አንዲት ጉንጭ ከርከዴ ቀርታለች፤
በጥጥ ነክሬ ክንዱ ላይ አሳረፍኩ፤
ካርቶኑ ጠጣው፣ ተዘረጋ፣ ካሰብኩት በላይ ደማ። ደነገጥኩ።
«ማረኝ፣ ክቡር ሆይ» አልኩት፣ በዚያው በመጽሐፉ ዓረብኛ፣
ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
ሰው እንደጎዳ ሰው።

ከዚያ ፋሻ።
ኩታበር ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር ዘምዘም የወንድሜን እግር ስትጠቀልለው
አንዱን ዙር ባንዱ ላይ፣ እንደ ዓሣ አጥንት፣ ነበር የምታጋድመው፤
ቋጠሮው ወደ ውጭ፣ ሲተኛ እንዳይቆረቁረው።

ሉልዋ ስትስለው ሁሌም ቆሞ ነው፣ ጎራዴው ሰማይ ላይ፣ ደሙ እንደ ሰንደቅ።
እኔ አስቀመጥኩት። ጎራዴውን ከታጠበው ልብስ ጎን ሰቀልኩለት፤ ይድረቅ።
ጀርባውን ለግድግዳ ሰጠ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ጫማውን አወለቅሁለት።
በዚያ ሁሉ ክፍል
አንድ ቀን ቁጭ ሲል አላየሁት።

ጠዋት ከዩኒፎርሟ ሥር ካርቶኑን አገኘችው።
አየችው። አዞረችው። እንደገና አየችው።
«ቁስሉ እኮ በግራው ነበር» አለች፣
«አንቺ በቀኙ ነው የሳልሽው።»

እጅጌዬን ሳብ አደረግሁ።
ዘገየሁ።

የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ከበር ላይ ጮኸ፤ አልሰማችውም።
ከቦርሳዋ ፕላስተር አወጣች፣ ጥንቸል የተሳለበት፤
ልጣጩን በጥርሷ ገፈፈች፣
በአውራ ጣቷ ተጭና፣ ቀስ ብላ፣ ለጠፈችው፤
ካርቶኑ ላይ።